ማርሚታና ሽማግሌ

የልጅቷ ወንድም መልኬን ከማየቱ በፊት ድምፄን ሰምቶ ጠላኝ። ድምፄን ስል የመኪናዬን ማለቴ ነው፤ የኔ የራሴ እንኳ ማንንም አስቀይሞ አያውቅም። ዘመኑ የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት፣ ቦታው ዶሃ ነው። እኔ አውሮፕላን ጥገና ውስጥ የቆርቆሮ ሰው ነበርኩ፤ የተሰነጠቀና የተላጠ የአውሮፕላን ገላ መጠገን ነው ሥራዬ። እሷ ነርስ ናት። አል አዚዚያ ውስጥ ከታላቅ ወንድሟ፣ ከሚስቱና ገና ጥርስ በማብቀል ላይ ካለ ልጃቸው ጋር ትኖር ነበር።

አንድ ዓርብ ከአገር ልጆች ግብዣ ስንመለስ ቤቷ ላደርሳት ሄድኩ። በራቸው ላይ ቆሜ ሞተሩን ላጠፋ ስል መኪናዋ ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ፈነዳች። ጭሱ ሽቅብ ወጥቶ በፎቁ መስኮት ገባ። ጥርሱ ሲያስለቅሰው ውሎ ገና ያን ጊዜ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ጩኸቱን ለቀቀው። ወንድምየው ሽርጥ እንዳገለደመ ሰገነት ላይ ሲወጣ ያየው ጭስ ብቻ ነበር፤ እኔ እዚያው ጭስ ውስጥ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ፣ ማን አይቶኝ። በማግሥቱ ለእህቱ የነገራት አጭር ነበር፤ ያቺ መኪና ሁለተኛ በሬ ላይ እንዳትቆም፣ ባለቤቷም እንደዚያው።

መኪናዋ ጥፋት የለባትም ብዬ ዛሬም እሟገታለሁ። አሜሪካ የተሠራች፣ በዕድሜ ታላቄ የሆነች፣ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ጉልቤ ናት። በወጣትነቷ የብርቱካን ቀለም እንደነበራት ከበሮቿ ጠርዝ ይታያል፤ የቀረውን ፀሐይ ልጦ በልቶታል። የሸጠልኝ የአገሬው ሰው ግቢው ውስጥ ከዳስ ሥር አቁሞ ለዓመታት ረስቷት ነበር። ከሱ በፊት ግን አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ሁለቱን የጭስ ማውጫዎቿን ቆርጦ ጥሎ፣ በምትካቸው ከፒካፕ የተነቀለች፣ የጭሱን ድምፅ የምታፍን አንዲት ማርሚታ በይዶባታል። ስምንት ሲሊንደር ሙሉ በአንዲት ቀጭን ቱቦ ተንፍሺ ሲሏት ጊዜ ታስላለች፣ ታስነጥሳለች፣ ትፈነዳለች። ማርሚታዋ ራሷ ደግሞ ዝጋ ወንፊት ሆናለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፤ በዚያ ሰውዬ ብየዳ እኔ ሚስት ላጣ።

ኡም ጉዋይሊና ውስጥ ከኔ ጋር ቤት የተከራየው ጓደኛዬ የአውሮፕላን ሞተር ሰው ነው። የሱ ምክር ቀላል ነበር፤ ሽጣት፣ ነጭ የጃፓን መኪና ግዛ፣ እንደ ሰው ሁን። አኮረፍኩት። ለሁለት ቀን ያህል ሩዝ የምንበላው ሳንነጋገር ነበር፤ እሱም ያበሰልኩትን እየበላ ሽጣት ማለቱን አልተወም።

እሷ ግን ስለ መኪናዋ ክፉ ተናግራ አታውቅም። ወንድሟም ክፉ ሰው እንዳልሆነ ደጋግማ ነገረችኝ። አባታቸው ካረፉ ጀምሮ ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ ወደዚህ አገር ያመጣትም እሱ ነው፤ በሷ ነገር ቀልድ አያውቅም። በወጉ ሽማግሌ ላክ አለችኝ። ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት በመኪናዬ ነው ስላት ሳቀች። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባት ሳቋን አቆመች።

«እሱ እምቢ ካለ እኔ ከቃሉ አልወጣም፤ ይሄን ዕወቅ» አለችኝ። «አንተን ስለማልወድ አይደለም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ሰምቶ ለሽማግሌዎቹ ታክሲ ይጠራ ነበር። እኔ ግን ከልጅነቴ ግትር ነኝ፤ እናቴ በቅሎ ትለኝ ነበር። ወንድሟ ከኔ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያንን ደብቄ ሽማግሌዎቼን በሰው መኪና ብልክ፣ ነገ ሲያየኝ ያው ጭሱ ነኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ማርሚታው፣ ቀጥሎ ሽማግሌው አልኩ። ጓደኛዬም አጉረመረመና ቱታውን ለበሰ።

ሰናእያ በሚሉት የጋራዦች ሰፈር አንድ የምናውቀው ሰው ነበር። ዓርብ ጠዋት ጋራዡ ዝግ ስለሆነ ጉድጓዱንና የብየዳ ማሽኑን ይለቅልን ነበር። አሮጌውን ቱቦ ስንቆርጠው ዝገቱ እንደ ደረቀ አፈር ፊታችን ላይ ፈሰሰ። በምትኩ የማይዝግ ብረት ቱቦ ከሞተሩ ግራና ቀኝ አወረድን፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ ማርሚታ፣ መሃል ላይ ደግሞ ሁለቱን የምታገናኝ አጭር መሸጋገሪያ፣ አንዱ ወገን ትንፋሽ ሲያጥረው ከሌላው እንዲበደር። ቆርቆሮ ሥራዬ ስለሆነ ብየዳው ላይ ማንንም አላስጠጋም ነበር። ጓደኛዬ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ዳዶ ያቀብለኛል፣ ሽጣት የምትለዋን ቃል ግን በመጠኑ ቀንሷል።

አውሮፕላን ቤት ያደገ ሰው መኪና ሲነካ ማየት ነበር። ጋራዡ ወለል ላይ ጨርቅ አንጥፈን ዕቃዎቻችንን በተራ ደርድረን፣ አንዲት ፒንሳ ከጎደለች ሳትገኝ ወደ ቤት አንሄድም። እኔ የሠራሁትን እሱ ያያል፣ እሱ ያጠበቀውን እኔ እነካለሁ፤ የሠራ ሰው የራሱን ሥራ አይመረምርም። ዳዶዎቹንና ብሎኖቹን ደግሞ በሽቦ አሰርኳቸው። አውሮፕላን ላይ ንዝረት እንዳይፈታው የሚፈለግ ብሎን ራሱ ተበስቶ ቀጭን ሽቦ ይገባበታል፤ ሽቦው ተጠምዞ ከጎረቤቱ ብሎን ጋር ይያያዛል። አንዱ ሊላላ ሲል ሌላው ይይዘዋል። የጋራዡ ባለቤት አንድ ቀን ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ አየና፣ ጠያራ መሥራታችሁ ነው እንዴ ብሎ ስቆብን ሄደ።

የመጨረሻው ሽቦ ከታሰረ በኋላ አስነሳኋት። አላሳለችም፣ አላስነጠሰችም። ከሩቅ እንደሚመታ ከበሮ ጎርነን ያለ፣ ያልቸኮለ ድምፅ ከሥሯ ወጣ። ነዳጅ ሲሰጧት ያገሣል፣ ቀስ ብለው ሲነዷት ግን ጎረቤት አይቀሰቅስም። ጓደኛዬ አዳመጠና ፊቱን አዞረ፤ እየሳቀ እንደሆነ ከጀርባው ያስታውቃል። እኔ ደግሞ ለምን እዋሻለሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አሁን ሽማግሌ መላክ እችላለሁ አልኩ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። እኛ ሰፈር አሸዋውና ድመቱ ለጉድ ነው፤ አንድ ጠዋት አንዲት ድመት ግልገሏን ከቱቦው አፍ ስትጎትት ካየሁ በኋላ ልቤ አላረፈም። የቆመ አውሮፕላን ቀዳዳው ሁሉ ይከደናል፤ ክዳኑ ላይ ቀይ ሪባን ይንጠለጠላል፣ ማንም ሳያነሳው እንዳይበር። እኛም ከወፍራም ጎማ ሁለት ውታፍ ቆርጠን ሠራን። ሪባኖቹን ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ የሚባል ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩና «ከመነሳትህ በፊት ንቀለኝ» የሚል በነጭ ክር እንዲጠልፍባቸው በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ሰውዬው ፊደላችንን አያውቅም፤ እንደ አበባ ሥዕል ቆጥሮት ከኔ አሳምሮ ጠለፈው።

ሥራውንም ተከፋፈልን። መኪናዋ በቆመች ቁጥር ውታፉን መትከል የጓደኛዬ፣ ከመነሳቷ በፊት መንቀል የኔ። እንዲህ ስናደርግ ከረምን፤ አንድም ቀን አልተሳሳትንም።

ዶሃ ላይ ሽማግሌ ማግኘት ራሱን የቻለ ሹግል፣ ማለትም ሥራ፣ ነው። ሁሉም ሊሠራ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ሽበት ያለው ሰው እንደ ዝናብ ብርቅ ነው። ዋናው ሽማግሌዬ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ሆኑ። ሁለተኛው ያው አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ነው፤ ጢሙን አሳድጎ፣ ነጠላ ደርቦ፣ የሌለውን ዕድሜ በማሳል ሊሞላ ሲሞክር ጋሼ ተቆጡት። ሦስተኛው ለቁጥር ማሟያ የተገኘ ሰው ነው። በጣም ዝምተኛ ስለሆነ ዝምታው እንደ ሽበት ተቆጠረለት።

ቀኑ ዓርብ ከቀትር በኋላ ነበር። ወጉ እንደሚታወቀው ነው፤ ሽማግሌ ከሰው ቤት ሲገባ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፣ መልሱን ሳይሰማ እህል አይቀምስም። ጠያቂው ልጅ ደግሞ እዚያ አካባቢ አይታይም። ወጉ ግን አይስማ አይልም። ስለዚህ ከነሱ ቀድሜ በታክሲ አል አዚዚያ ሄጄ፣ ከቤቷ ጥግ ዞር ብላ ካለች አንዲት ካፍቴሪያ ካራክ የሚሉትን የወተት ሻይ ይዤ ተቀመጥኩ።

መኪናዋ ስትመጣ ሰማኋት። ጓደኛዬ ነበር የሚነዳት፤ በጣም ቀስ ብሎ፣ እንደ ጨዋ። ደርሳ ቆመች። ሕፃን አላለቀሰም፣ መስኮት አልተዘጋም። ከዚያ በኋላ ጠበቅኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ፣ ሌላ አዘዝኩ፣ እሱም ቀዘቀዘ። የካፍቴሪያው ሰው የሞተብኝ ሰው ያለ መስሎት ብስኩት በነፃ ሰጠኝ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ጋሼ ቆመው ጉዳዩን በሚገባ ተናገሩ። ወንድሟ አክብሮ አስቀመጣቸው፣ አክብሮም አዳመጣቸው። የመለሰው ግን ልብ የሚያቀዘቅዝ ነበር፤ እህቴ ያለኝ ነገር ሁሉ ናት፣ ስለ ልጁ ደግሞ ከጭሱ በቀር የማውቀው የለም፣ ጊዜ ስጡን። መቼ እንመለስ ቢሉት ኢንሻአላህ እናስታውቃለን አለ። ሽማግሌ ይሄን ቋንቋ ያውቃል። ጠረጴዛው ላይ የተሸፈነ ምግብ ነበር፤ ጋሼ ሽታው እየጠራቸው፣ ሳይቀምሱ ተነሱ። ወንድሟም ልጁን ታቅፎ እንደ ወጉ እስከ ውጭው በር ሸኛቸው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ጓደኛዬ ሲደርሱ እንደ ልማዱ ከመኪናው ወርዶ ሁለቱን ውታፎች ተክሏል። የሱ ሥራ መትከል ነው፤ ሠራው። መንቀል የኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ወግ ይዞኝ ካፍቴሪያ ውስጥ ብስኩት እበላለሁ። እሱ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሯ ተነሳች፣ ታፈነች፣ ተንቀጠቀጠች። ጓደኛዬ ጨንቆት ነዳጁን ረገጠው።

እኔ የሰማሁት ሁለት ፍንዳታና የብረት በር ጩኸት ነው። ወግ የሚባል ነገር ከራሴ ጠፋ፤ የሻዩን ብርጭቆ እንኳ አላስቀመጥኩም፣ ይዤው ሮጥኩ። መገጣጠሚያው ፈነዳ፣ ብየዳዬ ለቀቀ፣ ኸላስ፣ ነገሬ አለቀ ብዬ ነበር። ማን እንደቆመ፣ ማን እንደሚያየኝ ሳልመለከት ብርጭቆዬን ኮፈኑ ላይ አስቀምጬ አስፋልቱ ላይ በጀርባዬ ተኛሁና ወደ መኪናዋ ሥር ገባሁ። ሰው ሚስት ሊለምን በላከበት ደጅ እንዲህ ይተኛል? እኔ ተኛሁ።

ምንም አልሆነችም። ቱቦው፣ መገጣጠሚያው፣ ሽቦው፣ ሁሉም በቦታው ነበር። ተንፍሼ ልወጣ ስል ከጎኔ ሁለት ነጠላ ጫማ አየሁ። ቀጥሎ ጉልበት ታየኝ፣ ቀጥሎ ሪባን የያዘች የሕፃን እጅ፣ ቀጥሎ ጎንበስ ያለ የወንድሟ ፊት። አንደኛው ውታፍ የብረቱን በር መትቶ ወድቋል፤ ሁለተኛውን ወንድሟ ከእግሩ ሥር አንስቶት ነበር። ውሃ ሆንኩ።

ሪባኑን ከልጁ እጅ ሳያስለቅቅ ዘርግቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ከመነሳትህ በፊት ንቀለኝ ይላል። ለምን አልነቀላችሁትም?»

«መንቀል የኔ ሥራ ነው» አልኩት ከመኪናው ሥር ሆኜ። «እኔ ደግሞ ዛሬ መምጣት አይፈቀድልኝም።»

ከኋላው ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወንድሟ አልሳቀም። ዓይኑ ከኔ ላይ ተነስቶ በቱቦዎቹ ላይ ሄደ፣ ከብሎን ወደ ብሎን፣ ዝግ ብሎ። ልጁን ለጓደኛዬ አቀበለና በአንድ እጁ አስፋልቱን ተደግፎ ዝቅ አለ።

«ይሄን ሽቦ ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። አንዱ ሊላላ ሲል ሌላው እንዲይዘው ነው።»

«አይፈታም?»

«ካልቆረጡት አይፈታም።»

አንዱን ሽቦ በጣቱ ሳብ አድርጎ ሞከረው። ጀርባዬ በአስፋልቱ እየጋለ፣ ከላይ የሆነ መስኮት ሲከፈት ሰማሁ። የሷ እንደሆነ አውቄያለሁ። በሕይወቴ ውስጥ ያን ያህል የፈራሁበት ቀን የለም።

«ውጣና እጅህን ታጠብ» አለኝ። «ምግቡ ቀዝቅዟል።»

ወጣሁ። ግራሶው በሸሚዜ፣ አሸዋው በፀጉሬ ሆኖ ቆምኩ። ጋሼ ግን ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር በጥርጣሬ ተንጠልጥሎ እንዲቀር አይፈልጉም። እንግዲህ እህትዎን ሰጡን ማለት ነው ወይ ብለው በግልጽ ጠየቁ። ወንድሟም፣ ጋሼ፣ እጅህን ታጠብ አልኩት እኮ አለ፤ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን ያየሁት። ቀና ስል እሷ መስኮቱ ላይ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች፤ ትሳቅ ይሁን ታልቅስ አልለየሁም። በኋላ ስጠይቃት ሁለቱንም ነበር አለችኝ።

ገብተን በላን። ዝምተኛው ሽማግሌያችን ሦስት ጊዜ ጨመረ፤ ሲመርቅም ከሁላችን ረዘመ። ሕፃኑ ሪባኑን አልለቅም ብሎ ከነሪባኑ እንቅልፍ ወሰደው፤ ስለዚህ ያን ቀን ወደ ቤታችን የተመለስነው በአንድ ውታፍ ነው።

የሠርጋችን ቀን መኪናዋ አበባ ደርባ፣ ሁለተኛ እንዳትቆም በተባለችበት በር ላይ ቆመች። ወንድሟ በጠዋት የልጁን ሪባን ከነውታፉ ይዞ መጣ፤ ጫፉ በአዳዲሶቹ ጥርሶች ታኝኮ «ንቀለኝ» የሚለው ቃል ግማሹ የለም። ሚዜ የሆነው ጓደኛዬ ተቀበለውና፣ ሱፍ ለብሶም ቢሆን ልማድ ነውና፣ ሁለቱንም ተከለ። ስንወጣ እኔ ወደ ኋላ ዞሬ ልነቅል ስል ሙሽራዋ ክንዴን ያዘችኝ። ነጭ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ከመኪናው ኋላ ሄደች፣ ጎንበስ አለች፣ ሁለቱንም ነቅላ ሪባኖቹን በእጄ ላይ አኖረቻቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ ይሄ የኔ ነው» አለችኝ። «ያላ፣ አስነሳ።»

አስነሳሁ። ቤተሰቡ በሌላ መኪና ሊከተለን ነበርና ወንድሟ ልጁን ታቅፎ በሩ ላይ ቀረ። በኋላ ሚስቱ እንደነገረችን፣ ከመንገዱ ጥግ ታጥፈን፣ ዋናውን መንገድ ይዘን፣ ድምፃችን ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀም። ወደ ቤት ሲገባ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ምን ሆነህ ነው ብትለው፣ የዚያች መኪና ጭስ ነው አላት። መኪናዬ ግን ማርሚታዋ ከተቀየረ ወዲህ አንድም ቀን አጭሳ አታውቅም።